በትኩሳት የተጠራ ስም

ሰው ጅብ ይሆናል?

እናንተን ነው። ይህን መጽሔት ሜትሮ ባቡር ላይ ዘርግታችሁ የምታነቡትን፣ በምሳ ዕረፍት ካሽ ሬጅስተሩ ሥር ደብቃችሁ የምትገልጡትን። «ኧረ በፍጹም!» ትላላችሁ። ትምህርት አላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ሁለት ዲግሪ ይዛችሁ ታክሲ ትነዳላችሁ። ቡዳ፣ ጅብ፣ ዓይን፤ ይህ ሁሉ የአያቶቻችን ጨለማ ነው፣ እኛ ከሱ ወጥተናል ትላላችሁ። መልካም። እንግዲያው ይህንንም መልሱ፦ ልጃችሁን ለባለእጅ ልጅ ትድራላችሁ? አባቱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሸክላ ሠሪ ለሆነ?

አሁን ዝም አላችሁ። የወለተሥላሴን ዕድል የበላው ይኸው ዝምታችሁ ነው።

ወለተሥላሴ ለገሰ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ከአባቷ ከአቶ ለገሰና ከአባቷ ታላቅ እህት ከወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጋር። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ሥራዋ የተጋጨ መኪና መገመት ነው። ኢንሹራንስ ኩባንያው ካሜራ አንገቷ ላይ አንጠልጥሎ ከጋራዥ ጋራዥ ይልካታል፤ የታጠፈውን በር፣ የተጨፈለቀውን አፍንጫ ፎቶ ታነሣለች፣ «ይህ ይጠገናል፣ ይህ አይጠገንም» ብላ ትፈርዳለች። ቀጥቃጩን ፀሐዩን አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ያገኘችው እንዲህ ስትፈርድ ነው።

«ይሄ አይጠገንም» አለች፣ ጎኑ የገባ ቶዮታ እየዞረች አይታ።

«ማነው ያለው?» አለ ከሌላ መኪና ሥር የወጣ ድምፅ፣ በአማርኛ።

«ኢንሹራንሱ።»

«ኢንሹራንሱ እጅ አለው?»

«ብዕር አለው። ይበቃዋል።»

«እንግዲህ ብዕሩን ለሐሙስ አቆዪው።»

ሐሙስ ተመለሰች። በሩ ቀጥ ብሏል። በመዳፏ ዳሰሰችው፤ አንዲት የመዶሻ ጠባሳ የለችበትም። ቀና ስትል ፀሐዩ እያያት ነበር። ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። ልቧን የወሰደው ያ ዓይን መስበሩ ነው። የምታውቀው ወንድ ሁሉ ዓይኑን እንደ ችካል ይተክልባታል፤ ይህ ግን የሰው ዕቃ እንደነካ ልጅ ይደነግጣል። ትሕትና መሰላት። ሲበላ ዞሮ እንደሚበላ፣ እሷ ስትበላ ደግሞ መስኮት መስኮቱን እንደሚያይ ልብ ስትልም ዓይን አፋርነት ነው አለች። የበረዶውን ወራት በሙሉ ከተማውን በሚከበው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌዩ ዞራ፣ የዊልሰንን ድልድይ ተሻግራ፣ ሌላ ጋራዥ መላክ ሲገባት እሱ ጋ የሚያደርስ ምክንያት ስትፈልግ ከረመች። ሰው በረዶ ላይ ሲንሸራተትና ሲጋጭ ደስ ይላት ጀመር። ኃጢአቷን ታውቃለች፤ ሆኖም ደስ ይላታል።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ፔጀሯ ጮኸ። መልሳ ስትደውል ፀሐዩ፣ «እሑድ ኦፍ ነሽ? አንድ ጭራቅ ላሳይሽ» አላት።

ከፍሬድሪክ ወዲያ፣ ከተራራው ግርጌ፣ ዋግነርስ ጋፕ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የከተማዪቱ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በየመስከረሙ ሰልፍ ያወጣሉ፤ የሰልፉ ንጉሥ ደግሞ ጭራቅ ነው። ስናሊጋስተር ይሉታል። ግማሹ ወፍ፣ ግማሹ እንሽላሊት፤ በግንባሩ መሐል አንድ ዓይን፣ አፉ የብረት መንቁር። ድሮ ከጀርመን አገር መጥተው የሰፈሩ ገበሬዎች ከሰማይ ወርዶ ሰው ይነጥቃል፣ ደም ይመጥጣል ብለው ይፈሩት ነበር አሉ፤ እንዳይቀርባቸውም ጎተራቸው ላይ ባለ ሰባት ጫፍ ኮከብ ይሥሉ ነበር። ኋላም ጋዜጦች ገበያ ሲቀዘቅዝባቸው «ዛሬም ታየ» እያሉ ጻፉበት ይባላል። አሁን ቲሸርት ላይ ነው የሚኖረው። በብስኩት መልክ ይጋገራል፤ ሕፃናት ጀርባው ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ለሰልፉ የሚለበሰው የድሮው የወረቀት ራሱ በዝናብ ሟሽሾ ስለ ተበላሸ፣ የእሳት አደጋው አለቃ ከብረት እንዲያበጅለት ለፀሐዩ ሥራውን ሰጥቶታል። ፀሐዩም ከተጣሉ የመኪና ኮፈኖች ቀጥቅጦ፣ አፉ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ራስ ሠራለት።

አለቃው ዋልት የሚባል፣ ከራሱ በፊት ሆዱ የሚገባ ሽማግሌ ነው። መንቁሩን በጥፍሩ መታ መታ አደረገና፣ «ያንተም አገር ጭራቅ አለው?» አለው።

«አለው።»

«ምን ይመስላል?»

«እኔን» አለ ፀሐዩ።

ዋልት ትከሻውን መትቶት እስኪያስለው ሳቀ። ወለተሥላሴም ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው።

ከእሳት አደጋው ጣቢያ ጀርባ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። እዚያ ተቀመጡ። ከወዲያ ማዶ ቀይ ጎተራ፣ ጎተራው ላይ ነጭ ኮከብ።

«ለምንድን ነው የማታየኝ?» አለችው።

«አይሻለሁ እንጂ።»

«ታየኝና ትሸሻለህ። በፍጥነት ሲነዳ ፖሊስ እንዳየ ሰው።»

ሣር ነጨ። ነጨና ነገራት። አባቱ ደብረ ብርሃን አጠገብ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። በሳቸው ማረሻ አርሶ የሚበላ አገር ሁሉ ልጃቸውን በስማቸው አይጠራውም ነበር። እናቱ ነፍስ ሳያውቅ ያስተማሩት ትምህርት ይህ ነው፦ ሰው ሲበላ አትይ። የሰባ በሬ አትይ። የሰው ልጅ «ሲያምር!» አትበል። ቆንጆ ስታልፍ መሬት መሬቱን እይ።

«አንዲት ጎረቤታችን ታመመች» አለ። «ጭስ አጢሰው፣ 'ማን በላሽ?' እያሉ አስለፈለፏት። የእናቴን ስም ጠራች። በገበያ ቀን፣ ሰው እያየ፣ እናቴን ጎትተው ወስደው 'እንትፍ በይባት' አሏት። ቀሚሷን ይዤ አብሬ ሄድኩ።»

«ተፉባት?»

«ተፋችባት።»

«ሴትየዋስ?»

«ዳነች። ስለ ዳነች ተረጋገጠ። ብትሞትም ይረጋገጥ ነበር።» ወደ ጣቢያው፣ ብረቱን ራስ ወደ ከበቡት ልጆች ተመለከተ። «የነዚህ ጭራቅ ጥሩ ጭራቅ ነው። አባት የለው፣ እናት የለው። ቢሰድቡትም፣ ቢስቁበትም፣ በብስኩት ቢበሉትም የሚያለቅስ ሰው የለም። የኛ ጭራቅ ግን ወላጅ አለው፣ ወለቴ። ስም አለው። የአባቴ ስም ነው።»

«እየኝ» አለችው ብቻ።

«ተይ።»

«ፀሐዩ፣ እየኝ አልኩህ።»

አያት። መጀመሪያ ፀሐይ እንደሚያይ ሰው፣ ጨፈን ገለጥ እያደረገ። ቀጥሎ ሙሉ ዓይኑን። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ከከንፈሯ ሥር ያለችውን ነጥብ፣ ዕድሜ ልኩን የተከለከለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አየ። እሷም ያን ያህል ታይታ አታውቅም ነበር። በወሩ መጨረሻ ሽማግሌ እልካለሁ አላት፤ ላክ አለችው።

ከዚያ ሳምንት እንኳ በወጉ ሳያልፍ ወደቀች።

ከሥራ ስትመለስ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ትዝ የሚላት የተቆራረጠ ነው። ጉሮሮ የሚፍቅ ጭስ። ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ጨምቀው አፍንጫዋ ላይ የሚይዙ የወይዘሮ የዓለምዘርፍ ጣቶች። «ማን ነው? ተናገር! ማን ነው የበላት?» የሚል ጩኸት። ጣሪያ ላይ የሚያንባርቅ የጭስ ማስጠንቀቂያ፣ በሩን የሚደበድብ የሕንፃው ማናጀር፣ አባቷም በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛቸው «ይቅርታ፣ ሾርባ አርሮብን ነው» ሲሉ። ከዚያ አምቡላንስ። ከዚያ ነጭ ክፍል።

ስትነቃ አንዲት ወጣት ሐኪም ከጆሮዋ ጀርባ ያለውን ቁስል እያየች ነበር።

«መዥገር ናት» አለቻት። «ሣር ላይ ተቀምጠሽ ነበር? የሷ ትኩሳት እንዲህ አድርጎ ያስለፈልፋል። መድኃኒቱ ይዞልሻል፤ አይዞሽ። ለአባትሽም አስረድቻቸዋለሁ።»

ዳነች። ፀሐዩ ግን አልመጣም። ሆስፒታል አልመጣም፣ ቤት አልደወለም። ጋራዡ ስትደውል «ወጥቷል» ይሏታል፤ ቤቱ ስትደውል መልእክት የሚቀበለው ማሽን ያነሣል። ማሽኑ ላይ መጀመሪያ «እኔ ነኝ፣ ተሽሎኛል» አለች። ቀጥሎ «ምን አጠፋሁ?» አለች። በመጨረሻ መደወሉን ተወች። የወሩ መጨረሻም ሆስፒታል ሳለች አልፏል፤ እሷ እንደምታውቀው ሽማግሌ የሚባል አልመጣም።

«ልጄ፣» አሉ አቶ ለገሰ፣ ጋዜጣቸውን ሳያጥፉ፣ «እንዲህ ያለ ሰው ለደህና ቀን ብቻ ነው።»

እንዲህ ያለ ሰው ማለት እንዴት ያለ ሰው እንደሆነ አልጠየቀቻቸውም። ስለ ፀሐዩ ከየት አወቁ፣ ማን ነገራቸው፣ እሱንም አልጠየቀችም። ንዴት ጆሮ ይደፍናል። ጥርጣሬዋ ሁሉ የዞረው ወደ ፀሐዩ ነበርና።

አንድ ቀን ካሜራዋን ይዛ አሌክሳንድሪያ ሄደች። ከአንድ ቫን ሥር ጫማው ወጥቶ አየች፤ ቀለም የተንጠባጠበበት፣ የምታውቀው ጫማ። ስሙን ጠራች። ጫማው አልተንቀሳቀሰም። ደግማ ጠራች። ከቫኑ ሥር ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። ጫማውን እያየች ኋሊት ወጣች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ማልቀስ አማራት፤ እንባው ግን አልመጣ አለ፤ የመጣው ጥላቻ ነበር፣ እሱም ደስ አላላትም።

ነሐሴ ላይ ታኮማ ፓርክ፣ የአበሻ ግሮሰሪ በር ላይ፣ ጋሽ መርዕድ ታክሲያቸውን አቁመው ዕቃ ሲያራግፉ አገኘቻቸው። አስተማሪ የነበሩ፣ ሁሉም አስታርቁን የሚላቸው ሰው ናቸው።

«ተሻለሽ፣ ልጄ?» አሉ፣ ባርኔጣቸውን እያነሡ። አነጋገራቸው ሊሞት ያለ በሽተኛ የሚጠይቅ ይመስላል።

«ደህና ነኝ፣ ጋሽ መርዕድ። ምን ሆኛለሁ ብለው ነው?»

«እንግዲህ የተባለውን ሰምተናል። እግዜር አወጣሽ። ልጁም ቀረ፤ ደግ ነው የሆነው።»

«የቱ ልጅ?»

ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። «ፀሐዩ ነዋ። ሽማግሌ ሆኜ ቤታችሁ የመጣሁት እኔ አይደለሁ እንዴ? አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ልትወጪ ሁለት ቀን ሲቀርሽ።»

ግሮሰሪው በር ላይ፣ የሰው ጋሪ እየገፋት፣ ቆማ ሰማቻቸው። አባቷ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለዋል። ውስኪ ቀድተዋል። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር አላምንም። ነገር ግን ልጄ አልጋ ላይ ናት፤ ሐኪሞቹ ምክንያቱን አላገኙትም። የበላት ማን እንደሆነ ግን በራሷ አንደበት ተናግራለች። እህቴ ሰምታለች። 'ፀሐዩ፣ ፀሐዩ' ስትል ነው የዋለችው። ለላካችሁ ሰው ይህንኑ ንገሩት።»

«ነገራችሁት?»

«ምን እናድርግ፣ ልጄ? መልስ አድርስ የተባለ ሽማግሌ ያደርሳል።»

«ምን አለ?»

«'ስሜን ጠራች?' አለ። አዎ አልነው። ተነሥቶ ወጣ።»

ወለተሥላሴ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ሴት ልጅ በትኩሳት ስትቃጠል፣ ራሷን ስታ፣ የምትወደውን ሰው ስም ትጠራለች። በዓለም ሁሉ ይህ ፍቅር ይባላል። እኛ ቤት ክስ ሆነ፤ ማስረጃም ሆነ፤ ፍርድም ሆነ። እሱም፣ የእናቱን ቀሚስ ይዞ በገበያ መሐል የሄደው ልጅ፣ ያንኑ «ቡዳ» የሚል ቃል በአርባ ቀኑ እንደ ወጣለት ስም ተቀብሎ ወደ ቫኑ ሥር ገባ።

ቤት ስትደርስ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሶፋው ላይ እግራቸውን አጥፈው፣ ቋንቋውን የማያውቁትን ፊልም በእጅ ምልክቱ ብቻ እየተከታተሉ ነበር።

«እቴቴ፣ ሲያመኝ ማንን ጠራሁ?»

«ስሙን አላነሣውም!» አሉ እያማተቡ። «እኔማ ባላስለፈልፍሽ ኖሮ ዛሬ ተዝካርሽን ነበር የምንበላው።»

«ሐኪሟ መዥገር ናት አላለችም?»

«መዥገር? ላም ነሽ እንዴ!» ሳቁ፣ ከልባቸው። «'ምን እንደሆነ አላወቅንም' ነው ያለችው። አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ቃል በቃል ተርጉሞልኛል።»

ሳቃቸው ንጹሕ ነበር። የሚያምኑትን ነው የሚሉት፤ የሚሉትንም ይፈሩታል፤ ጭሱንም ያጠኗት ስለሚወዷት ነው። በወይዘሮ የዓለምዘርፍ መናደድ አልቻለችም። አቶ ለገሰ ግን አያምኑም። ሕግ ተምረዋል፣ ሐኪሟን በደንብ ሰምተዋል፣ መዥገር ማለት ምን እንደሆነ በሁለት ቋንቋ ያውቃሉ። ያላመኑበትን ነገር አንሥተው እንደ ቢላ ተጠቀሙበት። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ቢያደናቅፈው ይታዘንለታል፤ መብራት ይዞ ሰው ጉድጓድ ውስጥ የሚገፋ ግን ስሙ ምንድን ነው? ጭራቅ የምትሉት ማንን ነው?

መስከረም ገብቶ ዋግነርስ ጋፕ ሰልፏን አወጣች።

መንገዱ ዳር ሰው ታጭቋል። ሕፃናት የካርቶን መንቁር አድርገዋል። የእሳት አደጋ መኪኖቹ እያንባረቁ አለፉ፤ የትምህርት ቤቱ ባንድ አለፈ፤ በመጨረሻ ስናሊጋስተር መጣ። ብረቱ ፀሐይ ላይ ያንጸባርቃል፣ መንቁሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሰዉ ይጮሃል፣ ያጨበጭባል። ከመንቁሩ ሥር የሚራመደውን ጫማ ወለተሥላሴ አወቀችው። ከሕዝቡ ወጥታ አጠገቡ መራመድ ጀመረች። ጭራቁ አንድ ጊዜ ተደናቀፈ፤ ከዚያ ሳይዞር መንገዱን ቀጠለ። ሰዎቹ የሰልፉ ክፍል መስላቸው ለሷም አጨበጨቡላት።

ከጣቢያው ጀርባ ደርሰው ራሱን ከትከሻው አወረደው። ከስቷል። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«ምን ፈለግሽ?»

«ለምን ተውከኝ?»

«ስሜን ጠርተሻል?»

«ጠርቻለሁ።»

ፊቱ በጥፊ እንደ ተመታ ሰው ሆነ።

«አላስታውሰውም። ግን ጠርቼሃለሁ፤ አውቃለሁ» አለች። «ልሞት ነው ስል የማንን ስም ልጥራ? የኢንሹራንሱን? አንተን ነው የፈለግኩት! ና እያልኩህ ነበር! 'በላኝ' አላልኩም፤ ና ነው ያልኩህ!»

«ወለቴ፣ እየኝ አልሽኝ። አየሁሽ።» ድምፁ ተሰበረ። «እንዳየሁሽ ወደቅሽ። ሐሰት ነው እያልኩ፣ የድንቁርና ወሬ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ሽማግሌዎቹ ሲነግሩኝ ግን ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ዓይኔን አየሁት። ምን አለበት ብዬ። የገዛ ዓይኔን ፈራሁት፣ ይገባሻል? ስትመጪ ከመኪናው ሥር ያልወጣሁት ተናድጄ መሰለሽ? ደግሜ እንዳላይሽ ነው።»

«መዥገር ናት!» ጮኸች። «መዥገር፣ ፀሐዩ! እዚሁ፣ እዚህ ሣር ላይ የያዘችኝ! ሐኪሟ ለኔም ለአባቴም ነግራናለች። አባቴ ያውቁ ነበር!»

«አባትሽ ያውቁ ነበር?»

«ሽማግሌዎቹ ቤት ሲመጡ ያውቁ ነበር።»

ፀሐዩ ብረቱ ራስ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ታያለች፤ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ አልለየችም። በዚህ መሐል ዋልት ሰማያዊ ሪባን ይዞ እያለከለከ መጣ፤ ከኋላው ሰው ይከተለዋል። «የዘንድሮው ምርጥ ጭራቅ!» አለና ሪባኑን ፀሐዩ ደረት ላይ ሰካለት። ሁሉም አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ጉንጩን ሳመችው። ፀሐዩ እንባው እየወረደ አመሰገናቸው፤ እነሱም ደስታ መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ክንዱን ያዘችው። «እንሂድ። አፓርትመንት እንከራይ። ግሪንቤልትም ይሁን ሪቨርዴል፣ የትም። ማንንም አንጠይቅ።»

«ከዚያስ? ልጅ ስንወልድ? አንዱ ድግስ ላይ የአንዱ ሕፃን ሆዱን ሲቆርጠው ወደ ማን ልጅ ነው የሚዞሩት?» እጇን ቀስ ብሎ ከክንዱ አነሣ። «አምኜሻለሁ፣ ወለቴ። አንቺን ማመኔ ግን ስሜን አይመልስልኝም። አንዳንድ ደንበኞቼ 'ዓይኑ አልጣመንም' ብለው መኪናቸውን ወስደዋል። ሰው ፊት የተባለ ነገር ጓዳ ውስጥ አይነሣም። እናቴን በገበያ ነው የጎተቷት፤ 'ተሳስተናል' ለማለት ግን በገበያ የመጣ የለም።»

«እኔ እመጣለሁ።»

«አንቺ አይደለሽም ያልሽው።»

ቀና ይላል ብላ ጠበቀች። ሳያያት ብረቱን ተሸክሞ ሄደ።

በማግሥቱ እሑድ አቶ ለገሰ በሊቀመንበርነት የሚመሩት የሰብአዊ መብት ማኅበር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በተከራየው አዳራሽ ወርኃዊ ስብሰባውን አደረገ። የዕለቱ ርዕስ «ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው» የሚል ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አቶ ለገሰ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ያለ ወረቀት ተናገሩ። ጥሩ ተናጋሪ ናቸው፤ እውነቱን መካድ አይገባም። ሰው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በሥራው ሊናቅ አይገባም ሲሉ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሳይቀሩ ከፊት ረድፍ አጨበጨቡ። ፀሐዩ አልነበረም። ና ብላም አልጠራችውም፤ ይህ የሱ ዕዳ አልነበረምና።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ወለተሥላሴ ከኋላ ተነሣች። አስተናባሪው ማይክሮፎኑን ሰጣት።

«ወለተሥላሴ ለገሰ እባላለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። «የቤት ልጅ ናት፣ ቀለል ያለ ጥያቄ ነው!» አለ አንዱ። አቶ ለገሰም ፈገግ አሉ።

«ጥያቄዬ ለሊቀመንበሩ ነው» አለች። «ጋሼ፣ ግንቦት ላይ ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሐኪሟ የበሽታዬን ምክንያት ለእርስዎ ነገረችዎት። ለእቴቴ ሲተረጉሙላት ግን ሌላ አደረጉት። ልጅዎን ፈልገው ለመጡ ሽማግሌዎችም ያንኑ ሌላውን ነገሩ። ጋሽ መርዕድ እዚህ አሉ።»

ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አነሡ፤ መልሰውም አኖሩት።

ፈገግታው ከአቶ ለገሰ ፊት ላይ ጠፋ። «ወለተሥላሴ፣ ይህ የቤት ጉዳይ ነው። ቤት እንነጋገርበታለን።»

«የቤት ጉዳይ ቢሆን ከቤት ባልወጣ ነበር። አሌክሳንድሪያ ድረስ ሄዷል። የሰው እንጀራ ዘግቷል።»

«ማይኩን ተቀበላት!» አሉ አቶ ለገሰ። አስተናባሪው እጁን ዘረጋ፤ የሰዉን ፊት አየና መልሶ ሰበሰበ። ሁሉም ስለ ማን እንደሚወራ ያውቃል፤ ግማሹ ወሬውን ሰምቶ፣ ግማሹ ወሬውን አቀብሎ።

ከፊት ረድፍ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ወደ ወንድማቸው ቀና አሉ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል። «ለገሰ» አሉ፣ በዝግታ፣ ሕፃን ሳለ ይጠሩት በነበረ ድምፅ። «ምን ነበር ያለችው፣ ሐኪሟ?»

አቶ ለገሰ መነጽራቸውን አጠለቁ። አወለቁ። ያን ሁሉ የተናገረ አፍ ውሃ ለመነ።

ወለተሥላሴ አባቷን አየች። ይህ ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ በበረዶ ቆሞ የጠበቃት፣ እናቷ ስትሞት ጸጉሯን መጎንጎን የተማረ አባቷ ነው። ትወደዋለች። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

«የፀሐዩን ስም የጠራሁት ስለምወደው ነው። ይህን ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ፤ የኔ ድርሻ አለቀ። የእርስዎ ቀርቷል። ሐኪሟ ምን አለችዎት፣ ጋሼ? በአማርኛ፣ እቴቴም ጋሽ መርዕድም በሚሰሙት ድምፅ፣ እዚሁ ቆመው ይመልሱ!»